ስፒል በከንፈር

እኔ «ዝም በይ» ሲሉኝ የምታመም ሰው ነኝ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ምነው ሳትነግሪን?» እንዳትሉኝ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከቤታችን ሥር ነው። ደንበኛ ከገባ እስኪወጣ አወራለሁ፣ እኔ ሲደክመኝ የስፌት መኪናዬ ትቀጥላለች።

የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ዘንድ ነው የምትውለው። እናቷ ነርስ ናት፣ ከተረኝነት ስትመጣ ትተኛለች፣ ስትነቃ ትሄዳለች። ልጅቷን ፌንጣ ነው የምንላት፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አታውቅማ! ሦስተኛ ክፍል ናት። ጨዋታዋን፣ የሰው አነጋገር ማስመሰሏን ብታዩ በሳቅ ትሞታላችሁ። አንድ ቀን ግን አስተማሪዋ ሱቄ ድረስ መጥታ «ይቺ ልጅ ማንበብ አልሆነላትም። በዚሁ ከቀጠለች ሦስተኛ ክፍልን መድገሟ ነው» አለችኝ።

ከርሞ ሦስተኛ ክፍል ማን ይገባል? ታናሽ እህቷ! ፌንጣ ይሄን ስትሰማ የልብስ መቁረጫዬ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። «ከሷ ጋር አንድ ዴስክ ከምቀመጥ ትምህርቱ ይቅርብኝ» ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።

«ውሸት ነው!» አልኳት አስተማሪዋን። «በየቀኑ እኔ ፊት እያነበበች? ቃል በቃል?»

«እንግዲያው የንባብ መርማሪዋ ትያት» አለችኝ።

መርማሪ ሲባል ኮስታራ ነገር ጠብቄ ነበር። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ቀጭን ወጣት ናት። ክፍሏ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ሥር ነው፣ ወንበሮቹ የሕፃን ናቸው፣ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ሊነካው ምንም አልቀረው። የፌንጣ ጆሮና ዓይን ታይተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እናቷ አስመርምራታለች፣ ደህና ነው አልኩ። «ጥሩ። እንግዲህ እርስዎ አይናገሩ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ችግር አለው?

ፊደሎች እዚህም እዚያም የተበተኑበት ወረቀት አቀረበችላት። ፌንጣ ወረቀቱን አየችና ቀና ብላ እኔን አየች። እኔ እቴ ምንም አላልኩም! ከንፈሬ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ወዲያው ትክክለኛውን ተናገረች። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው መርማሪዋ ብድግ ብላ ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ ወደ ግድግዳ!

ከዚያ ወዲያ ፌንጣን የምሰማት በጀርባዬ ነው። ያቺ አፈ ጮሌ ልጅ ድምፅዋ ተቆራረጠ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። መርማሪዋ ሌላ ወረቀት ስታወጣ ዘወር ብዬ ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ «ዘቡሞ»፣ «ቶለጣ»፣ «ደፉሚ» ይላል።

«ምን የሚሉት ቃል ነው ይሄ? በሕግ አምላክ፣ እኔም አልሰማሁት!»

«የለም እኮ። የፈጠርኩት ነው» አለች ሳትቆጣ። «የምታውቀው ቃል ሲሆን ገምታ ታመልጠኛለች።»

ፌንጣ ከነዚያ ቃላት አንዱንም አላነበበችም። ከግድግዳው ጋር ተፋጥጬ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ መርማሪዋ ራሷ ተረት አነበበችላት። የአስተማሪ ባርኔጣ ስለበላች ፍየል ነው። ጥያቄ ስትጠይቃት ፌንጣ ሁሉንም መለሰች። ፍየሏ ቀጥላ የርዕሰ መምህሩን ካልሲ ብትበላ ኖሮ ታሪኩ እንደሚሻል ጨምራ ነገረቻት፣ ፍየሏ ስታኝክም አሳየቻት። መርማሪዋ ስትስቅ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወደቀ።

ኋላ ወንበሬን መልሳ አዞረችልኝ። «ልጅቷ ብሩህ ናት» አለችኝ። «ፊደሉ ከድምፁ ጋር ቶሎ አይያያዝላትም፣ ይኸው ነው። የማንም ጥፋት አይደለም፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ አሉኝ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። እኔም እይዛታለሁ። ቤት ውስጥ ግን አንድ ችግር አለ።»

«ምን ችግር?»

«እርስዎ ነዎት። ቤት ታነባለች ሲሉ፣ የምታነበው የእርስዎን አፍ ነው። ገና ሳትጀምር ነግረዋት ይጨርሳሉ። ዝም የሚሉበት ሰዓት የለም?»

መልሱን ፌንጣ ሰጠችልኝ፤ «ስፒል አፏ ላይ ስትይዝ ዝም ትላለች!»

እውነቷን ነው። የቀሚስ ጫፍ ስይዝ ስፒሎቼን በከንፈሬ ነው የምደረድራቸው። መርማሪዋ እጇን አጨበጨበች። «በቃ፣ የንባብ ሰዓቷ ያኔ ይሁን!»

እንዲህ ሆነን ጀመርን። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ስፒል በከንፈሬ፣ እሷ የብጣሽ ጨርቅ ካርቶን ላይ ተቀምጣ መርማሪዋ የሰጠቻትን የፊደል ካርዶች እየገጣጠመች። ስትቸገር ቀና ትልና አፌን ታያለች። ስፒል! «እምምም» እላለሁ። «እምም ማለትም ክልክል ነው ተብሏል» ትለኛለች። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ በጣቴ እመልሳለሁ። አንዷማ «ምነው፣ ጥርስሽን አመመሽ?» ብላ አዘነችልኝ። ልጅቷ አንድ ቃል ላይ በቆመች ቁጥር እኔ ቀሚሱ ላይ አንድ ስፒል ስለምጨምር የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀሚሷን ስትለካ «ውይ!» ማለት ጀመረች።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ካርዶቹን በትናቸው «ደደብ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ያን ቀን ስፒሉን ሁሉ ተፍቼ አቀፍኳት። «ደደብ የሚል ሰው እዚህ ሱቅ አይገባም፣ አንቺም ብትሆኚ!» አልኳት፣ ካርዶቹንም አብረን ለቀምን። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳያት ቀና ማለት ትታለች። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ይሄዳል፣ ድምፅዋ ይከተለዋል። ዝም ብዬ ማየቱን እኔም ወደድኩት።

የሁለተኛው ፈተና ቀን ርዕሰ መምህሩም ገቡ፣ ወይ ትለፍ ወይ ትድገም የሚሉት እሳቸው ናቸው። ስፒል ይዤ ልግባ ብል መርማሪዋ እምቢ አለችኝ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ተቀመጥኩ። ፌንጣ ዝናብ ስላባረረው ሰውዬ የሚያወራ ታሪክ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ግን ራሷ። መሀል ላይ አንድ መስመር ሙሉ ዘለለች! አየሁ። አሁን ብነግራት ምን ነበረበት? ምላሴን ነከስኩት። እሷ ማንበቧን ቀጠለች፣ ቀጠለችና ቆመች።

«ቆይ ቆይ» አለች ለራሷ። «ሰውየው ገና ቤት ሳይገባ እንዴት ነው የሚወጣው?» በጣቷ ወደ ላይ ፈለገች፣ የዘለለችውን መስመር አገኘችው፣ አስገባችው፣ እስከ መጨረሻው ሄደች።

«ፍጥነቷ ግን...» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ፍጥነት ይመጣል» አለች መርማሪዋ። «ማንም ሳይነግራት ተመልሳ አረመች፣ እኔ ስጠብቅ የከረምኩት ይሄን ነው።»

ከጓደኞቿ ጋር አራተኛ ክፍል ትለፍ፣ እገዛውም ይቀጥል ተባለ። ያኔ ስንት ወር ያፈንኩት ወሬ በአንዴ ወጣ፣ እያለቀስኩም እየሳቅኩም፤ በመጨረሻ በትህትና ወደ ውጪ ሸኙኝ።

ስንመለስ ፌንጣ ካየችው ጽሑፍ ሁሉ ፊት ትቆማለች። ጫማ ጠጋኙ ጋ ቆምን፣ የጥርስ ሐኪሙ ጋ ቆምን። ደንበኛዬ ደውላ «በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ የት ቀረሽ?» ስትለኝ «መጣሁ» ብዬ ዘጋሁባት። አንድ ረጅም ግንብ ጋ ስንደርስ ደግሞ «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚል ተጽፏል። ፌንጣ መጀመሪያው ላይ ተያዘች። «ማስ... ማስታ...» ፀሐዩ አናቴን ይበላኛል። አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ አይተዋት አዘኑና ጎንበስ አሉ። «ማስታወ—»

«ዝም ይበሉ አባባ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «እያነበበች ነው!»

ሽማግሌው ደንግጠው ዝም አሉ። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅናት።