ዘንግ ያዢዋ

ታላቂቱ እህት "ቅናት የሚባል ነገር አላውቅም" ትል ነበር። ውሸቷን ነው። የቀያሾችና የካርታ ሠሪዎች ኤግዚቢሽን በር ላይ የታናሽ እህቷ ፎቶ ከነፈገግታዋ ተሰቅሎ ስታይ አንጀቷ እርር አለ። "ትልቅ ተስፋ የተጣለባት ቀያሽ" ይላል ከሥሩ። ተስፋ! መሣሪያ እንዴት እንደሚተከል ማን አሳያትና!

ታናሺቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ሚጢጢ ነው የሚሏት፤ ዛሬ ታላቋን በአንድ ራስ ትበልጣለች። አዳራሹ ውስጥ የማያውቃት የለም። ድሮን ሻጩ እየሮጠ መጥቶ ይጨብጣታል፣ የሳተላይት ምስል የሚሸጡት ሴትዮ አገላብጠው ይስሟታል። ታላቂቱ የእህቷን ቦርሳና አንድ ክምር የማስታወቂያ ወረቀት ታቅፋ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። አንዱማ "ረዳትሽ ናት?" ብሎ አረፈው።

"ኧረ እህቴ ናት! ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ እኮ ናት" አለች ሚጢጢ።

ይሄም አናደዳት። ብትክዳት ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ያለ ሐሳብ ትቀየማት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መሣሪያ አስመጪ ኩባንያ ውድድር አዘጋጅቷል። የሚገባው በጥንድ ነው፤ አንዱ መሣሪያው ላይ ሆኖ ርቀት ይለካል፣ ሌላው ፕሪዝም የሚሉት መስታወት የታሰረበትን ዘንግ ምልክቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ልኩ ለእውነተኛው የቀረበ ያሸንፋል፣ ካሸነፈው ጥንድ የለካው ሰው የኩባንያው አሠልጣኝ ሆኖ ይቀጠራል። ለዚህች ቦታ ታላቂቱ አምና አመልክታ ደጅ ጠንታለች። "እንደውልልሻለን" አሏት፤ ይኸው እየደወሉ ነው። ሚጢጢን ግን ራሳቸው ፈልገው ጠሯት።

"ዘንጉን አንቺ ያዢልኝ እትዬ፣ በሞቴ! ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?" ብላ ለመነቻት። ምን ትበል? ያዘች።

ሁለቱ ሜዳ ላይ አንድ ልማድ አላቸው። ፕሪዝሙ በተለወጠ ቁጥር ዘንግ ያዢዋ ትጮሃለች። የእያንዳንዱ ፋብሪካ ፕሪዝም የራሱ ማስተካከያ ቁጥር አለውና፣ መሣሪያው ላይ ያ ቁጥር ካልተቀየረ ልኩ ይስታል። ባለመሣሪያዋ አትጠይቅም። ዘንግ ያዢዋ ዝም ካለች ምንም አልተለወጠም ማለት ነው።

ተራቸው ደረሰ። የመጀመሪያው ምልክት በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ጋ አዘጋጆቹ ሌላ ዘንግ አቁመው ጠበቁ። ታላቂቱ አንስታ ስታየው ፕሪዝሙ የሌላ ፋብሪካ ነው። ከሩቅ አይለይም፤ ዘንጉን ለያዘ ሰው ግን ፍንትው ብሎ ይታያል።

አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሚጢጢን በአድናቆት እያየ አጠገቡ ላለው ሰው ሲያንሾካሹክ ዓይኗ ገባ። አፏን መልሳ ዘጋች። አንድ ጊዜ እንኳ ብትወድቅ ምን አለበት! ዘንጉን ግን ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ በእሱስ ማንም አይወቅሳትም።

ውጤቱ ሲነበብ ሚጢጢ በሦስት ሳንቲሜትር ስታለች። በዚህ ሥራ ሦስት ሳንቲሜትር ጉድ ነው። ታላቂቱ ደስ እስኪላት ጠበቀች። ደስታው የውሃ ሽታ ሆነ።

"ፕሪዝሙ መለወጡን አልነገረችሽም?" አሉ ዳኛው፣ ሜዳ ላይ የሸበቱ ቀያሽ ናቸው።

"እትዬ? እሷ ሳትነግረኝ ቀርታ አታውቅም!" አለች ሚጢጢ፣ ቅንጣት ሳታመነታ። "ይሄ ድምፅ ማጉያ ሲያደነቁረን አልሰማኋት ይሆናል እንጂ።"

"ተናግራ ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይደገማል።" ዳኛው ወደ ታላቂቱ ዞሩ። "ተናግረሻል?"

ክው አለች። አልተናገርኩም ብትል በሙያው ሰው ሁሉ ፊት ትዋረዳለች፣ እህቷም ወድቃ ትቀራለች። ተናግሬያለሁ ብትል ያቺን ቦታ በገዛ እጇ አንስታ ለሚጢጢ መስጠቷ ነው።

"ተናግሬያለሁ" አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ሚጢጢ አየቻት። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ያደጉ ናቸው፤ እህቷ ስትዋሽ የት የት እንደምታይ አይጠፋትም። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

ሥራውን ያገኘችው ሚጢጢ ናት፤ እሱን ቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል። ውድድሩ ሲደገም አዘጋጆቹ ፕሪዝሞቹን ደባልቀው አስቀመጡ። ታላቂቱ ሁለተኛው ምልክት ጋ እንደደረሰች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ "ተለውጧል!" ብላ ጮኸች፣ የፋብሪካውንም ስም ጨመረች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት፤ የሳቀም አለ።

ሚጢጢ ሰምታለች። ቁጥሩን ግን አልነካችም። ሰዓቱ እየሄደባት መሣሪያዋን ትታ፣ በሰው መሐል ሰንጥቃ መጣች። እትዬ አላለቻትም። ጎንበስ ብላ ፕሪዝሙን በገዛ ዓይኗ አይታ አረጋገጠችና ተመልሳ ሄደች።