የማያስሮጠው ኪኒን

አዲሱን ኪኒን ፋንትነሽ ገና ከጅምሩ ጠምዳ ያዘችው። የባሏ የአያ ጓንጉል ልብ ከደከመ ወዲህ፣ በሰውነታቸው የሚጠራቀመውን ውሃ ሲያስወጣ የኖረው ፉሮሰማይድ ጀግና ነበር፤ ከጉሮሯቸው ሳይወርድ ሽንት ቤት ያስሮጣቸዋል። ቶርሰማይድ የሚሉት አዲሱ ግን ሰውየውን ሶፋ ላይ አስቀምጦ ዜናውን ያስጨርሳቸዋል። ይሄ ደግሞ ምኑ መድኃኒት ሆነ!

«ሁለቱም ያው ውሃ ያስወጣሉ፤ ይሄ ረጋ ብሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ነው የሚሠራው። የድሮውን ጣሉት» ብላ ነበር ዶክተር ሮተም። ልጃቸው ሊያትም ይህንኑ ከዕብራይስጥ ተረጎመችና ከራሷ ጨመረችበት፤ «እማ፣ እንደ ባለፈው በራስሽ ጊዜ ብትቀያይሪ መድኃኒቱን ከእጅሽ ወስጄ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው፤ በሰደር፣ እሺ?»

ፋንትነሽ እሺ አለች። ኤን ጋኒም ሰፈር ቤቷ ስትደርስ የድሮውን ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ ሸሸገችው። ከሻባት ማግስት ጀምራም ሁለቱን ባንድ ላይ ታስውጣቸው ያዘች።

ዛሬ ጠዋት አያ ጓንጉል ከአልጋ ሊነሱ ሲሉ ዓይናቸው ተገለበጠና ወለሉ ላይ ዝርግት አሉ። ወይኔ ጉዴ! ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፋንትነሽ ደወለች፤ ሊያት ኔቬ ኦዝ ሰፈር ተቀጥራ አሮጊት ከምትጦርበት ቤት ሆና አነሳች።

«አምቡላንስ እጠራለሁ። ውሃው ሞልቷቸው ይሆናል፤ ሲብስባቸው አንድ ጨምሩ ተብሏል አይደል? ቶሎ ስጫቸው! ያላ!»

ፋንትነሽ ኪኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ ቆመች። ብትናገር፣ ዕድሜ ልካቸውን ከእሷ እጅ ሌላ የማያውቁትን ሰው ይነጥቋታል። ዝም ብትልስ? የባሏን እጅ ጨበጠችው፤ ቀዝቅዟል።

«አልሰጥም!» ብላ ጮኸች። «ሁለቱንም ነው የሰጠኋቸው ልጄ፣ የድሮውንም!»



«ምንም እንዳትሰጫቸው» አለች ሊያት። «ሰምተሻል? ምንም!»

ሆስፒታል ያገኙት ሐኪም አልሸፋፈነላቸውም። «ውሃቸው ተሟጦ አልቋል፤ አንድ ቢጨመር ኖሮ እዚህም አይደርሱም ነበር» አለ። ሊያት እናቷን ቀና ብላ ሳታያት የመድኃኒቱን ከረጢት ከእጇ ወሰደችው።

አያ ጓንጉል ዓይናቸውን ሲገልጡ ፋንትነሽ እግራቸው ሥር ተንሰቅስቃ ታለቅሳለች።

«ሁለት መሆኑንማ አይቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለምን ዋጡት፣ አያ ጓንጉል?»

«አንቺ ነሻ የሰጠሽኝ።»