በጧፍ ቁራጭ የተቀቡ ጥይቶች

ጓንጉል እቤቱ የሚሠራቸው ጥይቶች ዒላማቸውን ትተው ሰው ቤት መግባት ጀመሩ። ግድግዳ አይበሱም፣ ሰው አይነኩም። ገብተው ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤቱ እማማ ማንጠግቦሽ ናቸው። ጥይቷን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋታል።

«ጓንጉል፣ ዕቃህ እንሥራዬ አፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት» አሉት።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ሰበረችው?»

«ኧረ ምንም አልሰበረች! እንዲያውም ዓመት ሙሉ ሲያነክስ የከረመው በሬዬ ዛሬ ሲፈነጭ ዋለ። የመጣሁት ሌላ አለህ ወይ ብዬ ነው፤ ላሚቱም ነጥፋብኛለች።»

ጓንጉል ጠዋት የተኮሰው ከወንዙ ማዶ፣ ዋርካው ላይ በሰቀለው ቅል ላይ ነበር። የእማማ ማንጠግቦሽ ቤት ደግሞ እሱ ከቆመበት በስተጀርባ ነው።

ጓንጉል በጥይት ሥራ የሚታማ ሰው አይደለም። ከአያቱ የወረሰው ውጅግራ ጠመንጃ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ እርሳስ አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ በሰምና በሞራ ይቀባዋል፤ ከዚያ በወፍራም የብረት ቀለበት ውስጥ ገፍቶ ያሳልፈዋል። ወፍራሟ ጥይት ጠመንጃውን ትነክሳለች፣ ቀጭኗ ትንገዋለላለች፤ በቀለበቱ ያለፈች ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ያልተቀባች እንደሆነ እርሳሷ እየተላጠ ጠመንጃው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ጥይት እንሥራ አፍ ላይ ምን እንደምትፈልግ ነው።

ጥፋቱ ከልኩ መስሎት ሁሉንም እንደገና ቀባ፣ እንደገና በቀለበቱ አሳለፈ። በማግስቱ ሲተኩስ ቅሉ ንቅንቅ አላለም። ከሰዓት በኋላ አበልጁ ካሴ እያለከለከ መጣ።

«ወንድሜ ቤቴ ምሳ እየበላ ነው» አለ።

ካሴና ወንድሙ በድንበር ተጣልተው፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነበር የሚቀመጡት።

«ማን አስታረቃችሁ?»

«ማንም። ጥይትህ ሌማቱ ላይ ነበረች። እሱም ለምን እንደመጣ አያውቅም። ወጥ ጨምሩልኝ ነው የሚለው።»

መንደሩ «ጓንጉል ጥይት መተኮስ ትቶ ሽማግሌ መላክ ጀመረ» እያለ አላገጠበት። ሲያስብ፣ ሲያሰላስል፣ ሰሙ ትዝ አለው። ዘንድሮ ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ስለሄዱ ሰም ያመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ቄሰ ገበዝ ይትባረክ ሄደ።

«አባ፣ የሰጡኝ ሰም ምን ነበር?»

«የጧፍ ቁራጭ ነዋ። ሰው ስለት ተስሎ ያበራል፣ ነፋስ ያጠፋዋል፣ ቁራጩ ይቀራል። ያላለቀ ጧፍ ያላለቀ ልመና ነው። እኛ አቅልጠን መልሰን ጧፍ እናደርገዋለን። አንተ ምን አደረግህበት?»

«ጥይት ቀባሁበት።»

«እንግዲያውስ ልመናው ይደርሳል» አሉ ቄሰ ገበዙ። «የስንዱም አለበት።»

ስንዱ ሚስቱ ናት። ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም አገኛት።

«ጧፍ አብርተሽ ምን ለመንሽ?»

«ካንተ በፊት እንዲወስደኝ።» ከምስሩ ቀና አላለችም።

«ምን አልሽ?»

«ቀድሜህ ልሙት አልኩ። አንተን ቀብሬ እዚህ ቤት ምን ልሠራ?»

«እኔስ አንቺን ቀብሬ ምን ልሠራ ነው?»

«ጠመንጃ አለህ» አለችው።

ጓንጉል ተናደደ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ በለጠ። ያለ እሷ አንድ ሌሊት ማደር እንደማይችል ያወቀው ያኔ ነው።

ጥይት የሚያኖርበትን ቆርቆሮ ዘረገፈ። የስንዱ የትኛዋ ናት? አንዷን አሸተተ፣ አንዷን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ሁሉም አንድ ናቸው፤ አንድ ያደረጋቸውም እሱ ራሱ ነው። ሁሉንም ላቅልጣቸው ብሎ ብረት ድስት ውስጥ ጣዳቸው። ድስቱ ቀለጠ። ጥይቶቹን ከአመዱ ውስጥ ለቅሞ መለሳቸው።

ከዚያ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ጧፍ ለመነ። ቄሰ ገበዙ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ብለው ሰጡት። ጓንጉል አበራው፤ ከስንዱ በፊት እንዲወስደው ለመነ፤ ግማሹ ሲነድ በጣቱ አጠፋው። በቁራጩ አንዲት አዲስ ጥይት ቀባ፣ በቀለበቱም አሳለፋት። ቀድማ የተተኮሰች ቀድማ ትደርሳለች ብሎ አሰበ። ነገሩ ትክክል ይመስል ነበር።

ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ ሜዳ ወጣ፣ ቅሉን አለመና ተኮሰ። ወዲያው፣ ቀለህም ባሩድም የሌላት አንዲት ጥይት ከቆርቆሮው ወጥታ የተተኮሰችውን ተከተለቻት። ጓንጉል ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሁለቱ ጥይቶች በሩ ላይ፣ በሰው ደረት ልክ፣ አየር ላይ ጎን ለጎን ቆመው ቀስ እያሉ ይሾራሉ። ስንዱ ጭልፋ ይዛ ከውስጥ ታያቸዋለች።

«ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ» አለች። «አንዷ ሌላዋን ቅደሚ የምትላት ይመስላል።»

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ ከሥራቸው ገባ።

ውሎ አድሮ ነገሩ ተለመደ። ጎረቤት ሲመጣ አጎንብሶ ይገባል፣ አጎንብሶ ይወጣል። እማማ ማንጠግቦሽ ላሚቱን እየጎተቱ አምጥተው ለጥይቶቹ አሳይተው ተመለሱ። ባልና ሚስቱ ግን እራት ሲበሉም ዓይናቸውን ከበሩ አይነቅሉም። አንዳንዴ አንዱ ይነሣና ጥይቶቹ ፊት ደረቱን ሰጥቶ ይቆማል፤ ያኔ ሌላው እጁን ይዞ ጎትቶ ያስቀምጠዋል።

አንድ ማለዳ ጓንጉል ሲነቃ በሩ ላይ የቀረችው አንዲት ጥይት ብቻ ናት። ክው አለ። ዘወር ሲል ስንዱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትተነፍሳለች። ከደስታው ብዛት ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«ስንዱ፣ አንዷ እኮ ሄዳለች» አላት።

አልመለሰችለትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና አጎንብሳ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ካሴና ወንድሙ ገቡ፣ እማማ ማንጠግቦሽም ገቡ። እንዴት አደርክ ያለው ሰው የለም። ጓንጉል ቅር አለው። «ምን አስቀየምኳችሁ?» ሊል ሲል ካሴ እጁን ዘርግቶ የዓይኖቹን ቆብ ከደነለት። ቢከደኑም ያይ ነበር።

ስንዱ በሩ ላይ፣ ከቀረችው ጥይት ፊት ለፊት ቆማለች።

«ግቢ እንጂ» ትላታለች። «አሁንማ ግቢ!»

ጥይቷ መሾሯን አቆመች። ቀስ ብላ ዞረችና ከደረት ከፍታ ዝቅ ሳትል፣ በሜዳው ላይ ቅሉ ወደተሰቀለበት ማዶ መሄድ ጀመረች። ስንዱም በባዶ እግሯ ተከተለቻት።