ኮምፒውተሩ አልነሳም ያለ ሳምንት

ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አለቃ ይናገራል፣ እሳቸው ይተይባሉ። የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማስፈር ነው ሥራቸው፤ አለቃው አንድ ነገር ቢዘል እንኳ «ረስቶት ይሆናል» ብሎ መሙላት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ይህ ጠባይ አልለቀቃቸውም። መድኃኒቱ ላይ «ከምግብ በኋላ» የሚል ካለ፣ ምግብ ያልቀመሱ ዕለት ኪኒኑን ሳይውጡ ያድራሉ።

ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ቢኖር ማቀዝቀዣው ነው። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው፣ የኮምፒውተር ሰው ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ማንም ክፉ እንዲለውም አይፈልጉም። ብቻ አልፎ አልፎ ሲደውል «እማ፣ ደህና ነሽ?» ይላል፤ «ደህና ነኝ» ይላሉ። «ጤናሽስ?» ይላል፤ «ተመስገን» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱም ወሬ ያልቅባቸዋል፣ እሱም ስብሰባ ይመጣበታል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ ከቅድሙ የባሰ ጭር ይላል።

እንግዲህ ያ አሮጌ ላፕቶፕ አልነሳም ብሎ ያመፀው በዚህ መሃል ነው።

ልጅየው ሲሰማ፣ «በቃ እማ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ማስነሻ ሥርዓት እንጫንበት። ለአሮጌ ማሽን እሱን የመሰለ የለም። አንዴ ከገባ ወዲያ እኔን መፈለግ ቀረ» አለ። ከዚያ አዘዘ፦ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደሽ የሊኑክሱን ፋይል አውርጂ፣ ፍላሽ ላይ አድርጊው፣ ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ አስነሺ። እናትየው እንደተባሉት አደረጉ። ጥቁሩ ገጽ ላይ ግን «ኖ ቡታብል ዲቫይስ»፣ የሚያስነሳኝ አላገኘሁም እንደማለት፣ የሚል ነጭ ጽሑፍ ብቻ ብቅ አለ።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ሲወጣ ደወለ። «ከፍላሹ እንዲነሳ፣ ስታበሪው ኤፍ አሥራ ሁለትን ቶሎ ቶሎ ተጫኚ» አላቸው። ተጫኑ፤ የጽሕፈት መኪና ያጠነከረው ጣታቸው ቁልፉን ሊነቅለው ምንም አልቀረው። «ቀስ እማ! ቁልፉ ምን አደረገሽ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው!

በማግስቱ ፍላሹን በሌላኛው ጎን ባለው መሰኪያ አስሰካቸው። በሌላ ቀን ደግሞ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ጥበቃ አስጠፋቸው፤ ያልታወቀ ነገር ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክል ዘበኛ ነው አላቸው። እሳቸው ከማስተካከያው ገጽ ላይ መስመር በመስመር ያነቡለታል፣ እሱ በዚያ በኩል ሻዩን ፉት እያለ ያዳምጣል። በመሃል በመሃል ወሬ ያመልጠዋል፦ ጎረቤቱ ውሻ እንደገዛ፣ ውሻው ቀኑን ሙሉ እንደሚጮህ፣ እሱን ራሱን ወገቡን እንደሚያመው። ወገቡን እንደሚያመው መቼ ነግሯቸው ያውቃል? ማሽኑ ፍንክች አላለም። እናትየው ግን የስልኩ ሰዓት ሲደርስ ጸጉራቸውን አበጥረው መቀመጥ ጀመሩ፤ በስልክ እንደማይታዩ እያወቁ።

አርብ ጠዋት፣ ምናልባት ፍላሹ ይሆናል የተበላሸው ብለው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄዱ። ባለ ሱቋ ከፍታ አየችና፣ «እማማ፣ ፋይሉን እንዳለ ነው እኮ የገለበጡት። እንዲህ ሆኖማ አያስነሳም። ለዚህ የተሠራ ፕሮግራም አለ፣ በእሱ ነው ፍላሹ የሚዘጋጀው» አለች።

«እሱ እንዲህ አድርጊ አላለኝማ» አሉ።

ልጅየው ለሥራ ባልደረቦቹ ማውራት ለምዶ፣ ይህን ሁሉም ያውቀዋል ብሎ ዘሎታል። እሳቸው ደግሞ ያልተባለ አይሞሉም። ባለ ሱቋ የተሰለፉትን ደንበኞች ታገሱኝ ብላ አዘጋጀችላቸው።

ቤት ገብተው ኤፍ አሥራ ሁለትን ተጫኑ። ጽሑፉ እንደ ጉድ ወረደ፣ ጥቂት ቆየና ሰፊ አረንጓዴ ገጽ ወለል ብሎ ተከፈተ። ብቻቸውን አጨበጨቡ። ልጃቸው ጋ ሊደውሉ እጃቸውን ወደ ስልኩ ከሰደዱ በኋላ ነው፣ «እኔን መፈለግ ቀረ» ያለው ትዝ ያላቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ።

በሰዓቱ ደወለ። «እሺ እማ፣ ዛሬስ?»

ገጹ ፊታቸው ቦግ ብሎ በርቷል።

«ጥቁር ነው ልጄ» አሉ።

«ምን ይላል?»

«ያንኑ ነዋ። ኖ ቡታብል ዲቫይስ።»

ቅዳሜም ጥቁር ነው አሉት። ቀን ቀን በተነሳው ማሽን ካርታ ይጫወታሉ፣ ስልኩ ሲጮህ ልጃቸው የሚያይባቸው ይመስል ክዳኑን ይዘጋሉ። «በስተርጅና ውሸት!» እያሉ ራሳቸውን ይቆጣሉ፤ ግን ልጃቸው ስለዚያ ውሻ ሌላ ወሬ ይዞ ይመጣል፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ቁጣው ይረሳል።

እሑድ ዕለት የልጅየው ድምፅ ደክሞ ነበር። «እማ፣ ይሄ ነገር አሰለቸሽ፣ አውቃለሁ። እዚያ የማውቀው ባለሙያ አለ፤ ነገ ልኬልሽ በአንዴ ይገላግልሻል። እኔም በየቀኑ እየደወልኩ አልነዘንዝሽም።»

የላፕቶፑን ክዳን መልሰው ከፈቱ።

«ማንንም አትላክ» አሉ። «ይሠራል።»

«ምኑ?»

«ማሽኑ። ከአርብ ጀምሮ ይሠራል።»

«ታዲያ ጥቁር ነው ስትይኝ የነበረው?»

«ዋሸሁህ። ከተሠራ አይደውልም ብዬ ነው።»

በዚያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ሊቆጣ ነው ብለው ጠበቁ፤ አልተቆጣም።

«እማ» አለ፣ «እሺ እደውላለሁ። ግን ምን እናውራ?»

እናትየው ከልባቸው አሰቡ። የሚያነቡለት መስመር አልነበረም።

«እኔም አላውቅ ልጄ» አሉ።

ስልኩን ግን አንዳቸውም አልዘጉትም።