ጡረተኛው ጫማውን ሲያስር

«እትዬ፣ እጅዎ አምልጦዎት ነው መሰል» አለ ኤሌክትሪሺያኑ፤ መልስ ሳይጠብቅም ጎንበስ ብሎ የጌም ማሽኑን ሶኬት ነቀለ። ስክሪኑ ድርግም አለ። «ጡረተኛውን መርጠው ነበር። በሉ አሁን እንደገና ይምረጡ።»

ለደግነት ብሎ ነው። ሰፈሩ ከገባ ወር ያልሞላው ሰው፣ ልብስ ሰፊዋ ምሳ ሰዓቷን በዚህ ጌም ቤት ማሳለፍ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መሆኑን ከየት ይወቀው? እሷም ክፉ ቃል አልወጣትም። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ማሽኑ ተመልሶ እስኪነሣ ጠበቀችና ያንኑ ጡረተኛ መረጠች።

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ያረጀ የድብድብ ጨዋታ ነው፤ ስምንት ተፋላሚዎች አሉት፣ ጡረተኛው የሁሉም ጭራ ነው። ራሰ በራ ነው፣ ቦርጩ ይቀድመዋል፣ እርግጫው መንገድ ላይ ይቀራል። ይባስ ብሎ አንደኛውን ቁልፍ ሲጫኑት ድብድቡን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ሠሪዎቹ ለሳቅ ያስገቡት ነገር ነው።

የዛሬው ግጥሚያ ግን ለሳቅ አልነበረም። የጌም ቤቱ ባለቤት አሮጌውን ማሽን አውጥቶ አዳዲስ ስክሪኖች ሊደረድር ስለሆነ፣ አሸናፊው ማሽኑን ይወስዳል ተብሏል። ሌሎቹ ተሸንፈው የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ ሳሎኑን ለክቶ፣ ሚስቱን ለምኖ፣ ቁም ሳጥን አስነሥቶ ነው የመጣው። ባዶ እጁን ቢመለስ ያን ቁም ሳጥን በምን ዓይኑ ያየዋል?

የጨዋታውን ቁንጮ ተፋላሚ፣ መብረቅ የሚባለውን ያዘ። የመጀመሪያውን ዙር አንድም ምት ሳያርፍበት ጨረሰው።

«አይዞዎት፣ እትዬ።»

«እኔስ ደህና ነኝ። ሰውዬውን አይዞህ በለው።»

በሁለተኛው ዙር መብረቅ በተወረወረ ቁጥር ጡረተኛው አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ የመብረቅ እግር አፍንጫው ሥር ሲደርስ ያልቃል፤ ያኔ ጡረተኛው ያቺን አጭር እርግጫ ያሳርፋል። ችኮላ የለም፣ ብስጭት የለም። ዙሩ የእሷ ሆነ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

በሦስተኛው ዙር ሁለቱም በአንድ ምት የሚወድቁ ሆነው ቀሩ። ኤሌክትሪሺያኑ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መብረቅን አስፈነጠረው። ጡረተኛውም ጎንበስ አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ።

መብረቅ ከነእርግጫው በራሰ በራው ላይ ሽው ብሎ አለፈ። ጡረተኛው ክሩን አጥብቆ ቀና አለ፣ ዞረ፣ መብረቅንም ከኋላው ጠለዘው። አለቀ።

ኤሌክትሪሺያኑ መናደድ ነበረበት፤ ግን ፈዝዞ ጣቶቿን ነበር የሚያየው። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አላየም።

«በዚህ እጅዎ መብረቅን ቢይዙ እኮ ማንም አይችልዎትም» አለ በመጨረሻ።

«መብረቅንማ አገር ለክቶታል። እግሩ የት ድረስ እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። ይኼን ሰውዬ ግን ንቀውት ማንም አልለካው» አለች ሜትሯን እየጠቀለለች። «ማሽኑም ሱቄ ውስጥ ከመስተዋቱ አጠገብ ቦታ አለው።»

የቁም ሳጥኑ ነገር አሁን ትዝ አለው። «ታዲያ እኔ ምን ልሁን፣ እትዬ?»

ልብስ ሰፊዋ ሶኬቱን በአገጯ አመለከተችው።

«መንቀሉን ጀምረኸው የለ፤ በዚያው ጨርሰው።»