የጎተራ ሥር አፈር

በቡሬ ዙሪያ ከጎተራ ሥር አፈር ለሰው አይሰጥም፤ የእህሉ ረድኤት አብሮ ይወጣል ይባላል። እትዬ እንቁ ግን ለወንድማቸው ልጅ ለተናኜ ሲሉ ወጉን ጣሱት። ትል ሞቶ እንደ ቆሎ ረግፎ የሚያዩት እዚያ ሥር ነበር፤ ተናኜ ደግሞ ለመመረቂያ ጥናቷ ትል የሚገድል ባክቴሪያ ከአፈር ስትፈልግ ከርማለች። በእጃቸው ጭረው አንድ እፍኝ ሰጧት። ከረጢቱን የያዘችላት ተመሳሳይ ጥናት የምትሠራው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ሕሊና ነበረች። መሽቶባቸው ሁለቱም እዚያው አደሩ።

ቤተ ሙከራ ሲመለሱ ተናኜ አፈሩን በውሃ በጥብጣ አሞቀችው። ሙቀቱ ሌላውን ተሕዋስ ሲፈጅ፣ የምትፈልገው በጠንካራ ልባሱ ተሸሽጎ ይተርፋል። የተረፈውን በሳህን አሳደገችው። በማይክሮስኮፕ ስታየው ከባክቴሪያው ጎን የተሞረደ ጠጠር የመሰለ ክሪስታል አገኘች፤ ትሉን የሚመርዘው እሱ ነው። ከበቆሎ ቅጠል ጋር ለተምች አበላችው፤ ተምቹ መብላት አቁሞ ጠቆረ። ደስታዋን ለሕሊና ብቻ ነገረቻት።

አንድ ስሕተት ግን ሠርታለች። ስሟን መጻፍ የነበረባት በሳህኑ የታችኛው ገጽ ላይ ነው፤ እሷ የጻፈችው ክዳኑ ላይ ነበር። ክዳን ደግሞ ይለዋወጣል።

ተማሪዎቹ ውጤታቸውን በሚያቀርቡበት ቀን ሕሊና ቀድማ ቆመችና ክሪስታሉን በስክሪን አሳየች። አፈሩን ያገኘሁት ከፍኖተ ሰላም፣ ከእናቴ ጓሮ ነው አለች። ተናኜ ወደ ሳህኗ ሮጠች። በገዛ ስሟ ሥር የበቀለው ሕሊና በራሷ ሳህን ላይ ስታማርርበት የከረመችው ቢጫ፣ ምንም የማይገድል ነገር ነበር። መምህሩም ክዳኑን አይተው፣ ስምሽ ያለው በዚህ ላይ ነው ብለው አሰናበቷት።

ሕሊናን ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

“አንቺ እኮ አፍ የለሽም፣ ተናኜ” አለቻት ሕሊና፣ እንዳዘነላት ሰው። “አንቺ ዘንድ ቢሆን ተቀብሮ ይቀር ነበር።”

ተናኜ የአፈሩን ከረጢት ልታይ ተመለሰች። አፈሩም አልቋል። በማግስቱ ወደ ቡሬ ተሳፈረች፤ የፊተኛው ጠፋብኝ፣ አንድ እፍኝ ይጨምሩልኝ ብላ እትዬ እንቁን ለመነቻቸው።

እትዬ እንቁ ሰፌዱን አስቀምጠው አዩዋት።

“ጠፋብሽ ወይስ ወሰዱብሽ?”

“ወሰዱብኝ።” ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። “ሕሊና ናት።”

“ያቺ ጋቢዬን ለብሳ ያደረችው?”

“እሷው ናት፣ እትዬ።”

እትዬ እንቁ ተነሡ። ከረጢቱን ከእጇ ተቀብለው ወደ ጎተራው ሄዱ። ተናኜ ልትከተላቸው ስትል ዞር አሉ።

“አንቺ እዚያው ቆይኝ። ከእንግዲህ ማንንም እዚህ አላስገባም።”

ተናኜ አፈሩን ይዘው እስኪመለሱ አጥሩ ሥር ቆማ ጠበቀቻቸው።