ከጉብታው ጀርባ ያለው ማሳ

ከአጨዳ በኋላ ማሳው እንደ ቤት ወለል ይጠረግ ነበር። ገለባው ይቃጠላል፤ መንገደኛም አይቶ ገበሬውን "አቤት ጉብዝና!" ይለዋል።

ዘንድሮ የግብርና ባለሙያዋ ገበሬዎቹን ሰብስባ፣ "ማቃጠል ተከልክሏል፤ ገለባው አፈሩ ላይ ይቆይ፣ እርጥበት ይይዛል" አለች። ገበሬው አመናት። መሬቱ ግን የአማቱ ነበር።

"ስንፍና ደግሞ መመሪያ ወጣለት?" አሉ ሽማግሌው አማቱ። "የመንገደኛ መሳቂያ ልታደርገኝ ነው? ገለባ ተበትኖ ካየሁ መሬቱን ለታናሽየዋ ልጄ ባል እሰጠዋለሁ!"

ገበሬው ሁለቱንም ላለማስቀየም ሲል የመንገድ ዳሩን ግማሽ ጠረገ፤ ገለባውንም ተሸክሞ ማሳውን ከሚከፍለው ጉብታ ጀርባ ያለውን፣ ከመንገድ የማይታየውን ግማሽ አለበሰው።

ከዘር በኋላ ዝናቡ ጠፋ። አማቱ መጥተው የመንገድ ዳሩ ቡቃያ ጠውልጎ አገኙት፤ ዱላቸውን ሊተክሉ ቢሞክሩ መሬቱ እምቢ አለ። እየተነጫነጩ ጉብታውን ዞሩ። እዚያ ቡቃያው ለምልሟል።

"ይሄስ የማነው?"

"የእርስዎ ነው፣ አባባ።"

"ታዲያ ከማን ደብቀኸው ነው?"

"ከእርስዎ።"

ሽማግሌው ገለባውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ዱላቸውን ተከሉ።

"በል፣ መሬቱ አንተው ጋ ይቆይ" አሉ። "ለከርሞ የመንገድ ዳሩንም አልብሰው። ሰው ከጠየቀህ ግን ባለሙያዋ ናት ያዘዘችኝ በል።"

ዱላው ስንዝር ከሁለት ጣት ገብቶ ነበር፤ መንገድ ዳር የገባው አንድ ጣት ብቻ ነው።